የሄልጎላንድ ወጥመድ፤ ወፎችን በቀለበት ስለ ማወቅ

ወፎች በየዓመቱ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንደሚመጡና እንደሚሄዱ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ነቢዩ ኤርምያስም ሽመላንና ጨረባን ምሳሌ አድርጎ ሕዝቡን ገሥጾበታል። ነገር ግን የሚሄዱበትን አገር ሊቃውንቱ እንኳ አያውቁም ነበር። አርስጣጣሊስ ጅራቷ ቀይ የሆነችው ትንሽ ወፍ በብርድ ወራት ተለውጣ ደረቷ ቀይ የሆነችውን ወፍ ትሆናለች ብሎ ጻፈ፤ አንዲቱ ስትጠፋ ሁለተኛዪቱ ስትገለጥ ይታይ ነበርና። ስዊድናዊው ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስም በ1555 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጨረባዎች ብርዱን በውሃ ውስጥ እንደሚያሳልፉ፥ ዓሣ አጥማጆችም በመረብ እንደሚያወጧቸው ተረከ። በእነዚህ ሊቃውንት መሳቅ አይገባም። ወፍ ሁሉ ባልንጀራውን ስለሚመስል፥ ዛሬ የታየችው ወፍ ያችው የዓምናዋ መሆንዋን የሚለይ ምልክት አልነበራቸውም።

በሰሜን ባሕር ውስጥ ሄልጎላንድ የምትባል፥ ከቀይ ድንጋይ የቆመች ትንሽ ደሴት አለች። ከ1807 ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ በ1890 በውል ለጀርመን ተሰጠች። በመስከረምና በጥቅምት ከሰሜን አገሮች ወደ ደቡብ የሚወርዱት ዘማሪ ወፎች ሌሊቱን ሲበሩ አድረው፥ ጭጋግ ሲይዛቸው በመብራቱ ግንብ ብርሃን ተስበው በእርሷ ላይ ያርፋሉ። የደሴቲቱ ሰዎችም ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ቅርንጫፍ እየተከሉ፥ ከበስተኋላውም መረብ እየዘረጉ፥ ደክሞት ሊሸሸግ የገባውን ወፍ ይዘው ይበሉ ነበር።

ሄንሪክ ጌትከ የሚባል ሠዓሊ በ1837 ወደዚህች ደሴት መጥቶ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወፎችን ሲመረምር ኖረ፤ በ1891ም ያየውን በታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ትጉህ ሰው ግን ጉሮሮው ሰማያዊ የሆነው ትንሽ ወፍ ከግብጽ ተነሥቶ በአንድ ሌሊት ሄልጎላንድ ይደርሳል ብሎ ተሳሳተ። በመካከል ባሉት አገሮች አያርፍም ብሎ አምኖ ነበርና። ወፉ ግን እያረፈ በብዙ ቀን ይጓዛል። እንግዲህ የሃምሳ ዓመት ትጋት እንኳ ያለ ምልክት ወደ እውነቱ አላደረሰም።

ምልክቱን ያገኘው የዴንማርክ መምህር ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ነው። በ1890 የዚንክ ቀለበት በወፍ እግር ላይ አድርጎ ሞከረ፥ ነገር ግን ከበደ። በ1899 ከአሉሚኒየም ቀለበት ሠርቶ፥ ቍጥርና የከተማውን ስም ቀርጾ፥ ስታርሊንግ የሚባሉ 165 ወፎችን አስሮ ለቀቀ። ዮሐንስ ቲነማን በ1901 በባልቲክ ባሕር ዳር በሮሲተን የወፍ ጥናት ጣቢያ አቆመ፤ በ1910ም በሄልጎላንድ የሁጎ ቫይጎልድ ጣቢያ ተከተለ።

ቫይጎልድ የደሴቲቱን ሰዎች የመብል ወጥመድ አልናቀውም። ቁጥቋጦ ያለበት የአትክልት ስፍራ አዘጋጀ፤ በኋላም በላዩ የሽቦ መረብ ዘረጋ። መረቡ አፉ ሰፊ፥ ወደ ውስጥ ግን እየጠበበ ሄዶ በትንሽ ሣጥን የሚያልቅ ነው። ሠራተኞቹ ቀስ እያሉ ከበስተኋላ ሲነዱት ወፉ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ያዡም አንገቱን በሁለት ጣቶቹ መካከል በቀስታ አድርጎ ክንፉን ይለካል፥ ይመዝነዋል፤ የደረቱን ላባ እፍ ብሎ ለመንገድ ያከማቸውን ስብ ያያል። ቀለበቱን ካጠለቀለትና ቍጥሩን በመዝገብ ከጻፈ በኋላ ይለቀዋል። ከሚያዙት አንዲቱ፥ በራሷ ላይ ቢጫ መስመር ያላት ወፍ፥ ክብደቷ 5 ወይም 6 ግራም ብቻ ሲሆን ይህን ባሕር ትሻገራለች።

ቀለበት ካሰሩ ዘማሪ ወፎች ግን ወሬያቸው የሚመለሰው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያሳሪው ድካም የሚፈጸመው በማያውቀው ሰው እጅ ነው። በ1911 በእንግሊዝ አገር የታሰረች ጨረባ በታኅሣሥ 1912 በደቡብ አፍሪካ በናታል ተገኘች። ያገኛት ሰው ደብዳቤ ባይጽፍ ኖሮ መንገዷ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

ደሴቲቱም መከራ አየች። በሚያዝያ 1945 በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ በሚያዝያ 1947 እንግሊዞች ምሽጎቿን ለማፍረስ በሺህ የሚቈጠር ቶን ፈንጂ አፈነዱባት። በ1952 ለጀርመን ተመለሰች፤ በ1953ም ጣቢያው በደሴቲቱ እንደገና ተከፈተ። ከ1960 ጀምሮ የተጻፈው መዝገቡም ብዙዎቹ ወፎች በጸደይ ከቀድሞው ቀን እየቀደሙ እንደሚያልፉ ገለጠ፤ ይህም ከአየሩ መሞቅ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። በመስከረም መጥቶ በከብት እግር ሥር ተባይ የሚለቅመው፥ ጅራቱን የሚወዘውዘው ቢጫ ወፍ ከሰሜን የመጣ መንገደኛ ነው። ከእረኞቻችን አንዱ በእግሯ ቀለበት ያለባት ወፍ ሞታ ቢያገኝ እንደ ጌጥ አይቍጠረው። ፊደል የሚያውቅ ሰው ቍጥሩን፥ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ በቀለበቱ ላይ ወደ ተጻፈው ጣቢያ ይላክለት። በሰሜን ባሕር ዳር ወፏን ይዞ የለቀቀው ሰው የሚጠብቀው ይህንኑ ደብዳቤ ነው።