ነዋሪዎች ያዳኑት ሸለቆ



የምንኖርባቸው ከተሞች ታሪክ የቤት ፈላጊ ታሪክ ነው። ገደራን በ1884 ቢሉ በሚባለው ማኅበር ሥር የተሰባሰቡ ወጣቶች ቆረቆሯት። ቂርያት መላኽይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ ገቢዎች መሸጋገሪያ ሰፈር ሆና ተጀመረች፤ ስሟም ርዳታ ለሰጡት የሎስ አንጀለስ አይሁዶች መታሰቢያ ነው። ያቭኔም አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላ ከየአገሩ በመጡ ቤተሰቦች ተሞላች። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ሲገቡ፣ ብዙዎቹ በሆቴልና በካራቫን ሰፈር ወራትና ዓመታት አሳልፈው ነው ቋሚ ቤት ያገኙት።

በመሆኑም «እዚህ ሜዳ ላይ ቤት አይሠራ» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ቅር ቢለን አያስደንቅም። ቤት ያጣ ሰው ሜዳ ሲያይ የሚታየው ቤት ነው። ነገር ግን ሜዳው አንዴ በሲሚንቶ ከተሸፈነ ተመልሶ ሜዳ አይሆንም። ስለዚህ ቤቱ የት ይሠራ፣ ማንስ ይጠየቅ የሚለው ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። የዚህች አገር ነዋሪዎች በዚህ ጉዳይ ያሳለፉትን ታሪክ ማወቅም ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው ሽንፈት

ነገሩ የተጀመረው በሰሜን፣ በሁላ ሐይቅ ነው። ወባ ምን እንደምታደርግ ለቆላ ሰው አይነገርም። መንግሥት ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት ሲል ከ1951 እስከ 1958 ሐይቁንና ረግረጉን አደረቀ። ይህን ከተቃወሙት መካከል አዛርያ አሎንና አሞጽ ዛሃቪ ይገኙበታል። በ1953ም የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ በዕብራይስጥ «ሃሔቭራ ለሃጋናት ሃቴቫ» የሚባለው፣ ተመሠረተ።

ሐይቁን ማዳን አልተቻለም። ሆኖም ከረግረጉ ጥቂቱ ተረፈና በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ተባለ። የደረቀው አፈር እየሰመጠና እየተቃጠለ ስላስቸገረ፣ በ1994 በከፊሉ ላይ እንደገና ውኃ ተለቀቀበት። በ1996 ከምድር ጠፍቷል የተባለው የሁላ እንቁራሪትም በ2011 እዚያው አካባቢ በሕይወት ተገኘ። ጥቂት መሬት በመትረፉ ጠፋ የተባለ ፍጥረት ተረፈ ማለት ነው።

የሚዳቋዎቹ ሸለቆ

በኢየሩሳሌም ደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በጊቫት መርደኻይና በቃታሞኒም ሰፈሮች አካባቢ፣ 260 ዱናም ያህል ስፋት ያለው ሸለቆ አለ። ለረጅም ዓመታት የፍራፍሬ እርሻ ነበር። ሚዳቋዎችም ይኖሩበት ነበር፤ እንስሳው በዕብራይስጥ ጽቪ የሚባለው ነው። በ1990ዎቹ በሸለቆው ላይ ከአንድ ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች ለመሥራት ታቀደ።

የአካባቢው ነዋሪዎች ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ ጋር ሆነው ተነሡ። መሬቱ የእነሱ አልነበረም። ከሰፈሮቹ አንዱ ቃታሞኒም ራሱ በ1950ዎቹ ለአዲስ ገቢዎች የተሠራ ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ መቃወም ብቻ አልበቃቸውም፤ ሸለቆው ለሕዝብ መናፈሻና ለእንስሳቱ መኖሪያ እንዲሆን የራሳቸውን ፕላን አዘጋጅተው አቀረቡ። ክርክሩ ከዓመት ዓመት ሲጓተት ሚዳቋዎቹ በመኪና መንገድ ተከበው፣ ግማሾቹ በመኪና እየተገጩ፣ ግማሾቹ በውሻ እየተበሉ፣ ጥቂት ራስ ብቻ ቀሩ። በመጨረሻ ነዋሪዎቹ ተሰሙ። በ2015 ሸለቆው ታጥሮ፣ ውኃ ገብቶለት፣ ለሕዝብ ተከፈተ። የሚዳቋዎቹም ቁጥር እንደገና በዛ። ዛሬ ልጆች ከአውቶቡስ ወርደው በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት አንዱን በከተማ መካከል ያዩታል።

በዚያው በኢየሩሳሌም ሌላም ትልቅ ፕላን ነበር። በከተማዋ ምዕራብ በሚገኙት በደን በተሸፈኑ ኮረብታዎች ላይ 20,000 ያህል ቤቶች ይሠሩ የሚል ነበር፤ በአርክቴክቱ በሞሼ ሳፍዲ ስም ይታወቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስገቡ። የተቃዋሚዎቹ ዋና ክርክር «ቤት ያስፈልጋል፤ ግን በከተማዋ ውስጥ ገና ቦታ አለ» የሚል ነበር። በየካቲት 2007 ብሔራዊው የፕላንና የግንባታ ምክር ቤት ፕላኑን ጣለው።

ወደ እኛ ቀረብ ያለው

ከያቭኔ ወደ ባሕር ሲወረድ የፓልማኺም የባሕር ዳርቻ ይገኛል። እዚያም የሽርሽርና የማረፊያ መንደር ሊሠራ ታቅዶ ነበር። የባሕር ዳርቻን የሚጠብቅ ሕግ በ2004 ቢወጣም፣ ይህ ፕላን ቀድሞ የጸደቀ ነበር። ብዙው ሕዝብ ነገሩን ያወቀው በ2008 አጥር ሲታጠር ነው። ያን ጊዜ ከዚያው ኪቡጽ የሆነች አንዲት ወጣት ድንኳን ተክላ በአሸዋው ላይ ለወራት ተቀመጠች፤ ብዙ ሰው ተከተላት። በ2010 መንግሥት ፕላኑ እንዲሰረዝ ወሰነ።

እዚህ ላይ ልዩነቱን እናስተውል። በሳፍዲ ፕላን ጊዜ ሰው የተናገረው ፕላኑ ሳይጸድቅ ነው፤ ወረቀት በቃ። በፓልማኺም ግን ጊዜው አልፎ ስለነበር ድንኳንና ወራት የፈጀ ትግል አስፈለገ።

ንጉሥ የሚከሰስበት አገር

እኛ ያደግነው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ነው። የስሜን ሰዎች ያውቁታል፤ ዋልያን ለመጠበቅ ሲባል የስሜን ተራሮች ፓርክ ተከልሎ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ2016ም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። እዚያ ጥበቃው የመጣው ከላይ ወደ ነዋሪው ነው። በሚዳቋ ሸለቆ ግን ከነዋሪው ወደ ላይ ሄደ።

ይህን መንገድ የከፈተው በ1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ ነው። አንድ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ እይታ ይቀመጣል፤ በጋዜጣ ይታወጃል፤ በቦታውም ሰሌዳ ይተከላል። ፕላኑ ይጎዳኛል የሚል ሰው፣ የመሬቱ ባለቤት ባይሆንም፣ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ተቃውሞ ማስገባት ይችላል፤ ጊዜው ባብዛኛው 60 ቀን ነው። ተቃውሞው፣ በዕብራይስጥ ሂትናግዱት የሚባለው፣ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱ የተዘረዘረ፣ እውነትነቱም በቃለ መሐላ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ያስገባውም ሰው ቀርቦ የመሰማት መብት አለው።

መብቱ ሜዳውን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ቤቱ እንዲሠራ፣ ግን ትምህርት ቤት፣ መዋለ ሕፃናትና ጥላ ያለው መናፈሻ እንዲጨመርለት የሚፈልግም በዚሁ በር ይገባል። ቤት የሚሹ ወላጆችና ሜዳውን የሚወዱ ጎረቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ መነጋገር የሚችሉት ሁለቱም በጊዜው ከመጡ ነው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ማለት ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል። በፕላን ጉዳይ ግን ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ በሰፈራችሁ ሜዳ ዳር የዕብራይስጥ ሰሌዳ ተተክሎ ስታዩ አትለፉት። ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞም የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቋቸው።