ተራራው ረጅም፣ ውኃው ሩቅ
ስለ አንድ የካንቶን አባባል

በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገርና በሆንግ ኮንግ የሚነገረው የካንቶን ቋንቋ፣ ስለ ረጅምና አድካሚ መንገድ በአራት ቃላት የታጠረ አባባል አለው፤ ይኸውም «ሳን ቸንግ ሶይ ዩን» የሚለው ነው። «ሳን» ተራራ፣ «ቸንግ» ረጅም፣ «ሶይ» ውኃ፣ «ዩን» ሩቅ ማለት ነው። ሲፈታ «ተራራው ረጅም፣ ውኃው ሩቅ» ይሆናል።

መጀመሪያ ስንማረው የመንገደኛ እሮሮ ብቻ መስሎን ነበር። ነገር ግን ተቀባዩም ይናገረዋል። ዘመድ ከሩቅ አገር መጥቶ ደጃፍ ሲደርስ፣ «ሳን ቸንግ ሶይ ዩን አልፈህ መጣህልን» ይሉታል። ድካምህን አወቅንልህ ማለት ነው።

የአባባሉ ክብደት የሚገባን የተሰዳጆቹን ታሪክ ስናውቅ ነው። በ1848 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ፣ ከጓንግዶንግ መንደሮች ብዙ ወንዶች የመርከቡን ዋጋ እየተበደሩ ተሰደዱ። ያችን አገር «ጋም ሳን»፣ የወርቅ ተራራ አሏት። ከ1865 እስከ 1869 ከ10,000 የሚበልጡ ቻይናውያን የሴራ ኔቫዳን ተራራ በመዶሻና በባሩድ እየሰበሩ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። በ1882 ግን የአሜሪካ መንግሥት የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተሻረው በ1943 ነው።

ከ1910 እስከ 1940 በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ በምትገኘው በኤንጅል ደሴት፣ መጤዎቹ ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት እየታገቱ ይመረመሩ ነበር። ያን ሁሉ ተራራና ውኃ አልፈው ሲደርሱ፣ በደጃፉ ቆሞ ድካማቸውን የሚያውቅላቸው አልነበረም። ስለዚህ ኀዘናቸውን በእንጨቱ ግድግዳ ላይ በግጥም ቀረጹት። በ1970 ሕንፃው ሊፈርስ በታሰበበት ጊዜ ጽሑፎቹ ታወቁ፤ ሕንፃውም በእነርሱ ምክንያት ተረፈ።

በባዕድ አገር የሞቱትም አልተረሱም። ማኅበሮቻቸው አጥንታቸውን እየሰበሰቡ፣ በሆንግ ኮንግ በቱንግ ዋ ሆስፒታል በኩል ወደ ትውልድ መንደራቸው ይልኩ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በሱዳን በኩል በእግር የመጡ ወላጆች በየቤታችን አሉ፤ በመንገድ የቀሩብንም ብዙዎች ናቸው። እኛ «እንኳን በደህና ገባችሁ» ስንል ስለ መድረሱ እናመሰግናለን። የካንቶኖቹ አባባል ግን መንገዱንም በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ልጆቻችን ከዚህ ተምረው፣ «የትኛውን ተራራ ወጣችሁ? የትኛውን ወንዝ ተሻገራችሁ? ማንን በየት ቀበራችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ተናጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉም መልሱን ይጻፉት።