ይትረፍ ወይስ ይቅር? የቅጂ መመሪያ አጭር ታሪክ

ስለ ጥንታዊ ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ቅጂ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መሣሪያው ነው። ካሜራው የየት አገር ሥሪት እንደ ሆነ፣ ስካነሩ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይነገራል። ይሁን እንጂ መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረጃል፤ ባለሙያውም ወደ ሌላ የሥራ መስክ ይዛወራል። ቅጂው በምን ሁኔታ እንደ ተነሣ፣ ምን እንደ ተጨመረበትና ምን እንደ ተቀነሰበት ለሚቀጥለው ትውልድ የሚመሰክረው በጽሑፍ የሰፈረው የአሠራር መመሪያ ነው። የመመሪያውን አመጣጥ መከታተል ማለትም ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች አንዱን ገጽ ተመልክተው «ይኸ ይትረፍ፣ ይኸ ይቅር» ያሉበትን ውሳኔ መከታተል ነው።

በአገራችን ሥራው በስፋት የተያዘው በማይክሮፊልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉት ምሁር በጣና ሐይቅ ደሴቶች የሚገኙ ብራናዎችን በፊልም ቀረጹ። በ1969 እና በ1970 ደግሞ የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ቡድን ተከተለ። ከሁሉም የሰፋው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ነው። በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ወደ ኮሌጅቪል ተላከ። ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ካታሎግ ለተመራማሪው በር የከፈተው በዚህ ፊልም ላይ ተመሥርቶ ነው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቁም ጸሐፊ ብዕሩን በቀይ ቀለም የሚነክረው ለጌጥ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ የቅዱሳን ስም የሚለየው፣ የንባብ መክፈቻ የሚታወቀው በቀዩ ነው። በፊልሙ ላይ ግን ቀዩ የደበዘዘ ጥቁር ይመስላል። ቀለሙ የለቀቀ ጥቁር ጽሕፈትና ቀይ ጽሕፈት አንዳንዴ አይለዩም። ይህን የምንለው ሥራውን ለመንቀፍ አይደለም። የዘመኑ ባለ ቀለም ፊልም ውድ ከመሆኑም በላይ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ይለቃል፤ ጥቁርና ነጩ ግን ዕድሜ አለው። ዕድሜን ለማትረፍ ቀለምን መተው እያወቁ የተወሰነ ውሳኔ ነበር። ከተነሡት ብራናዎች መካከል ዛሬ ያሉበት የማይታወቁ ስላሉ፣ ያ ፊልም ብቸኛ ምስክር ሆኖ የቀረበት ጊዜ አለ።

ማይክሮፊልምን የተካው ዲጂታል ቅጂ ደግሞ ከሌላ ምንጭ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ከርሽ ከባልደረቦቹ ጋር የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ምስሉ በወርድም በቁመትም 176 ነጥብ ብቻ ነበረው። ዘዴው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ «ስንት ነጥብ ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1996 አን ኬኒና ስቲቨን ቻፕማን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጡት መጽሐፍ መልሱን የወሰደው ከማይክሮፊልም ባለሙያዎች ልምድ ነው፤ በገጹ ላይ ያለው ትንሹ ፊደል ይለካና የነጥቡ ብዛት ከዚያ ይሰላል። ቁመቱ 1 ሚሊሜትር ለሆነ የታተመ ፊደል፣ ግራጫ በሌለው ጥቁርና ነጭ ቅጂ፣ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ገደማ ያስፈልጋል። በየቢሮው የምንሰማው «600» ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ስሌቱ የተቀመረው ለላቲን ፊደል ነው። በ«ለ»ና በ«ሉ» መካከል ያለው ልዩነት ግን ከጎን የተቀጠለች አጭር ጭረት ናት፤ በኅዳግ በረቂቁ በተጻፈ ማስታወሻ ውስጥ ደግሞ ጭረቷ ከፊደሉ ቁመት እጅግ ታንሳለች። ስለሆነም ለእኛ መለኪያው የፊደሉ ቁመት ሳይሆን የቅጥያው ርዝመት ሊሆን ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ቀጣዩ እርምጃ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው መመሪያ ነው። ስቲቨን ፑሊያ፣ ጄፍሪ ሪድና ኤሪን ሮድስ ያዘጋጁት ይህ ሰነድ የቀለም መለኪያ ሰሌዳ አጠቃቀምን፣ ቲፍ የተባለውን የፋይል ዓይነትና የመብራቱን ሁኔታ በዝርዝር ያስረዳል። በዚህና በመሰል መመሪያዎች አማካይነት ሥር የሰደደው ልማድ ዋናውን ቅጂና የአገልግሎት ቅጂን መለየት ነው። ዋናው እንደ ተነሣ ይቀመጣል። ለኅትመት የሚቆረጠው፣ የሚጠራውና የሚደምቀው ከእርሱ የተባዛው ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከንቱ ሥርዓት የሚመስለው ካለ የብራና ባለቤቶችን ስም ይመልከት። በብዙ ብራናዎች ላይ የቀድሞው ባለቤት ወይም አስጻፊ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተተክቶበታል። የተፋቀው ቦታ በዓይን ሲታይ እንደ ቆሻሻ ነው። ቅን ልብ ያለው አንድ ወጣት ባለሙያ ገጹን «ለማጽዳት» በኮምፒዩተር ቢያለሰልሰው፣ ፋቂው የጀመረውን ሥራ ሳያውቅ ፈጸመለት ማለት ነው። መብራቱ ከጎን ተዘቅዝቆ ቢነሣ ግን የብዕሩ ጭረት ብቅ ሊል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት «አደጋ የተደቀነባቸው መዛግብት» ፕሮግራም በልዩ ልዩ አገሮች ያካበተውን ልምድ በ2018 በአንድ መጽሐፍ አውጥቷል። መጽሐፉ የሚጠቅመን ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ አስቸጋሪ በሆነ ስፍራ ለሚሠራው ሰው ስለ ተጻፈ ነው። ሆኖም በዕቃ ቤት ደጃፍ ለሚቆመው ባለሙያና ብራናውን ለሚገልጡት መሪጌታ በቋንቋቸው የሚነገር ዝርዝር ያሻል። የተጠረዘ ብራና በጠፍጣፋ ስካነር ላይ አይደፋም፤ ካሜራው ከላይ ይቆማል። ቅጠሉ ቢጠቀለል በመስታወት በኃይል አይጫንም። እጅ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ የቅጠሉ ቁጥር፣ ፊት ወይም ጀርባ መሆኑም ይጻፋል። ገበታውና ማኅደሩ ይነሣሉ። ባዶ ቅጠል እንኳ አይዘለልም፤ የብዕር መሞከሪያ፣ የርስት ስጦታና የምስክሮች ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባዶ ተብሎ በታለፈው ቅጠል ላይ ነውና።