ሊቀ መኳስና እንደራሴ፦ በዩኒክስ በሌላ ሰው ስም የማዘዝ ታሪክ

በዩኒክስና ከእርሱ በተወለዱት ሥርዓተ ክወናዎች፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሥር ሆነው በሚያስተዳድሩት ፕሮግራሞች፣ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት፣ እያንዳንዱም ትእዛዝ የሚፈጸምበት የተጠቃሚ ስም ስላለው፣ አንዱ በሌላው ስም መሥራት ሲያስፈልገው በምን መንገድ ይፈቀድለት የሚለው ጥያቄ ገና ከጅምሩ የተነሣ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን በአሜሪካው ቤል ላብስ መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ1971 በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ውስጥ «ሱ» የተባለችው ትእዛዝ ትገኛለች፤ ሥራዋም የይለፍ ቃሉን ያወቀን ሰው «ሩት» ወደሚባለው፣ ምንም ወደማይከለከለው ተጠቃሚ መለወጥ ነበር። በ1979 የወጣው ሰባተኛው እትም ደግሞ የይለፍ ቃሉ እስከታወቀ ድረስ በማንኛውም ተጠቃሚ መተካት እንደሚቻል ይገልጻል።

የዚህን ዘዴ ጉድለት ለማየት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል፣ የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሂሳብ በዚህ ዓይነት ኮምፒውተር ተይዟል እንበል። ማለዳ የገባውን ቆሮሶና አምባዛ የሚጽፈው መዝጋቢ፣ የገንዘብ ያዡ በሆነው ፋይል ላይ አንድ መስመር መጨመር ቢኖርበት፣ በ«ሱ» በኩል የገንዘብ ያዡን የይለፍ ቃል ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ ካወቀ በኋላ ግን የሚያግደው የለም፣ የሚያደርገውም ሁሉ በገንዘብ ያዡ ስም ይቆጠራል። በአገራችን ታሪክ ለዚህ የሚቀርበው ሊቀ መኳሱ ነው፤ እርሱ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ስለሚሰለፍ ጠላት ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ይቸገር ነበር። ለጦርነት የጠቀመው መመሳሰል ለሂሳብ ቤት ግን ጠንቅ ነው።

ሪቺ ያገኘው ሌላው መፍትሔ ከዚህ የረቀቀ ነበር። በፕሮግራሙ ላይ አንዲት ምልክት ስትደረግ፣ ፕሮግራሙ በጠራው ሰው ሳይሆን በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል፤ ተራ ተጠቃሚ ራሱ ሊነካው በማይችለው ፋይል ውስጥ የይለፍ ቃሉን መቀየር የቻለው በዚህ ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻው በ1973 ቀርቦ በ1979 ጸደቀ። የሚገርመው፣ ሪቺና ቶምፕሰን በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ለምሳሌ ያነሡት የቁጥር ግምት ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾች ውጤታቸው እንዲመዘገብ እንጂ መዝገቡን ራሳቸው እንዲነኩት አይፈለግምና።

በዚሁ ዘዴ ላይ ቆማ በ1980 ገደማ የተወለደችው «ሱዱ» ናት፤ የጻፏትም በቡፋሎ በሚገኘው የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቦብ ኮግሼልና ክሊፍ ስፔንሰር ሲሆኑ፣ ከ1994 ጀምሮ የሚንከባከባት ቶድ ሚለር ነው። ዛሬ በምትታወቅበት መልኳ «ሱዱ» የምትጠይቀው የሌላውን ሳይሆን የጠሪውን የራሱን የይለፍ ቃል ነው፤ ከዚያም ማን፣ በማን ስም፣ የትኛውን ትእዛዝ መፈጸም እንደሚችል ከዝርዝር ታያለች፣ ያዘዘውንም በስሙ ትመዘግባለች። ስለዚህ ሊቀ መኳስ ሳትሆን እንደራሴ ናት፤ ቃሉ ራሱ «እንደ ራሴ» ከሚለው የመጣ ነውና፣ እንደራሴው በሌላው ሥልጣን ቢሠራም ስሙን አይለቅም። የአሞራ ገደሉም መዝጋቢ በገንዘብ ያዡ ስም ያችን አንዲት ትእዛዝ ብቻ ይሰጥና ሌላው ይዘጋበታል። ይሁንና ብዙ አስተዳዳሪዎች ስንፍና ይዟቸው በዝርዝሩ ላይ «ሁሉም» ብለው ስለሚጽፉ፣ ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. እንደተሾሙበት ያለ ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ በየቢሮው ይፈጥራሉ።

በ«ሱዱ» ዝርዝር ላይ የሚጻፈው «ከሩት በቀር በማንም ስም» የሚለው ደንብም አያስተማምንም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ይፋ በሆነው ስሕተት፣ ጠሪው በስም ፋንታ ኔጌቲቭ 1 የሚለውን ቁጥር ቢሰጥ ትእዛዙ በሩት ሥልጣን ይፈጸም ነበር፤ ለሥርዓቱ ያ ቁጥር «ባለበት ይቆይ» ማለት ሲሆን፣ «ሱዱ» ደግሞ አስቀድማ በሩት ሥልጣን ላይ ነበረች። ስሕተቱ በ1.8.28 እትም ታርሟል፤ ከዚያ የቀደመ እትም ይዞ እንዲህ ያለ ደንብ የጻፈ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ሊያድሰው ይገባል።