የአንድ ዛፍ ደን

በባንክ መስኮት ጀርባ የሚውል ሰው ያገሩን ታሪክ ከገንዘብ አመጣጥ ይማራል። ከአዊ ደጋ ወደ ጫግኒ የሚወርዱ ደንበኞች ገቢ ሲያደርጉ የገንዘቡን ምንጭ እጠይቃለሁ። ለዓመታት የሰማሁት መልስ አንድ ነበር፤ «የከሰል ነው፣ ልጄ።»

ታሪኩ እነሆ። የደጋው አፈር አሲዳማ ሆኖ እህል ሲነፍገው፣ የፋግታ ለኮማ ገበሬ መነሻው አውስትራሊያ የሆነውን ዲከረንስ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላል፤ ቀጥሎ ከሥሩ የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስላል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚሰጥ መሬቱ ታድሶ ለእህል ይመለሳል። በ1995 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው የይዞታ ደብተርም የተከለውን ራሱ እንደሚቆርጥ አስተማመነው። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ተጫነ። የተራቆተው ኮረብታ ለመለመ፤ ጎጆው በቆርቆሮ ተተካ። ይህን በጎ ሥራ የሚክድ የለም።

ነገር ግን የለመለመ ሁሉ ደን አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የዲከረንሱን ቅጠልና ቅርንጫፍ ቡናማ ዱቄት ያለበሰ የፈንገስ በሽታ ገባ። ኮረብታው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ነበርና ከማሳ ማሳ ሲዛመት የሚያግደው አላገኘም። መስኮቴ ላይም ከሚያስቀምጠው የሚያወጣው በዛ። አንድ አዛውንት የቁጠባ ደብተራቸውን እያቀበሉኝ፣ «ስንዴን ዋግ ሲመታው ኖሯል፤ ዛፍን ዋግ ሲመታው ግን ገና አሁን አየሁ» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚያው ደጋ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። አባቶች በውግዘት ባቆዩት ደን ውስጥ ወይራው ከጥዱ፣ ኮሶው ከብሳናው ጎን ቆሟል። ወይራው የወተት ዕቃ ያጥናል፤ ኮሶው መድኃኒት ነው፤ ብሳናው ለንብ ያብባል፤ ዋንዛው በርና ከበሮ ይሆናል። አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል። የዲከረንስ ዋና ሙያ ግን ማገዶና ከሰል ነበር።

ካዝናውን በሙሉ ለአንድ ተበዳሪ የሚያበድር ባንክ ዕድሜ እንደማይኖረው እኛ ጸሐፊዎች እናውቃለን። ይህን ለመሬት መንገሩን ግን ረሳን። ዲከረንሱ ይነቀል አልልም፤ ዳቦ ነውና። ከድንበሩ ላይ ግን ዋንዛ፣ ከወንዙ ዳር ብሳና፣ ከደጁ ወይራ ይጨመርበት እላለሁ።

በአንድ ዛፍ አትመካ፣ አብዛው የደጅ ጥላ፤
አንዱን ዋግ ሲመታው፣ እንዲቆይህ ሌላ።