በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ ድርሰት

ተማሪ ድርሰት እንዲጽፍ የሚታዘዘው ለመምህሩ አዲስ ወሬ እንዲያቀርብ አይደለም፤ መርምሮና ለይቶ ማሰብን፣ ያሰበውንም በሥርዓት መግለጽን እንዲለምድ ነው። ይህ ዓላማ በተዘነጋበት ስፍራ ሁሉ ወረቀቱ ከትምህርቱ ተለይቶ እንደ ዕቃ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ገበያው የራሱ ታሪክ አለው፤ ከታሪኩም አንዱ ምዕራፍ የተፈጸመው በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኬንያ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንግዱ በአፍሪካ ምድር የተወለደ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ኮሌጆች በበዙባት በቦስተን ከተማ፣ የተዘጋጀ ድርሰት በገጽ እየተመኑ የሚሸጡ ድርጅቶች በግልጽ ይሠሩ ነበር። እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ክፍለ ግዛቶች በሕግ ሊያግዷቸው ተነሡ። ኢንተርኔት በተስፋፋ ጊዜ ግን ሱቁ ድንበር አጣ። በ1998 የተመሠረተው ተርኒቲን የተማሪውን ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር እያስተያየ ግልባጩን ያጋልጥ ጀመር። ስለዚህ ለብዙዎች የሚሸጥ አንድ ድርሰት አደገኛ ሆነ፤ ገዢውም ለእርሱ ብቻ አዲስ የሚጽፍለትን ሰው ፈለገ።

ይህ ሰው በናይሮቢ ተገኘ። በኬንያ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ1970 ከምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን ከቻለ ወዲህ ሌሎች ተከትለው ተቋቋሙ፤ በ2013ም ብዙ ኮሌጆች ወደ ዩኒቨርሲቲነት ከፍ አሉ። ተመራቂው ሲበዛ ሥራው ግን በዚያው መጠን አልበዛም። በ2009 ከባሕር በታች የተዘረጋው የኢንተርኔት ገመድ ሞምባሳ ሲደርስ፣ ሥራ ያጣው ወጣት ከሩቅ አገር ተማሪ ጋር ተገናኘ። አሜሪካዊው ቀን ያዘዘውን ኬንያዊው ሌሊት ይጽፋል። ዛሬ ስለ ነርስነት፣ ነገ ስለ ሕግ ያጠናል። ከዋጋው ደላላው ድርጅት ድርሻውን ያነሣል፤ በድርጅቱ ያልተመዘገበውም የሌላውን ስም ተከራይቶ ይሠራል። ማዕረጉ ለገዢው ነው፤ የጸሐፊው ስም ግን የትም አይገኝም። በኬንያ የተወለዱት የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ፓትሪሺያ ኪንጎሪ የእነዚህን ጸሐፊዎች ኑሮ መርምረዋል፤ በ2024 የታየ ዘጋቢ ፊልምም ይህንኑ ያሳያል።

ገዢውም ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም። አንዱ ቋንቋው ባዕድ ሆኖበት፣ ሌላው ለትምህርት ክፍያ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ቀኑ ይደርስበታል። የመጀመሪያ ጥያቄውም «የሚታመን ማን ነው?» የሚል ነው። ነገር ግን በድብቅ የተዋዋለ ሰው ቢበደል አቤት የሚልበት ዳኛ የለውም። ወረቀቱ ቢዘገይ ወይም የሌላ ሰው ግልባጭ ሆኖ ቢገኝ ዝም ከማለት በቀር ምርጫ የለውም፤ ሻጩ «ለትምህርት ቤትህ እናገራለሁ» ብሎ ሲያስፈራራውም ደግሞ ይከፍላል።

መንግሥታት በሕግ ሊገቱት ሞክረዋል፤ ኒውዚላንድ በ2011፣ አየርላንድ በ2019፣ አውስትራሊያ በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 ሻጩን የሚቀጡ ሕጎች አውጥተዋል። ነገር ግን ሻጩ ባሕር ማዶ ሲቀመጥ የሕጉ እጅ ያጥራል። በኅዳር ወር 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ ደግሞ የናይሮቢ ጸሐፊዎች ሥራ ቀነሰ፤ የመምህራን ችግር ግን አልቀነሰም። የተለወጠው ጸሐፊው ነው እንጂ የተማሪው ዝምታ አይደለም።

በኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል፤ መምህሩም ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል። የደቀ መዝሙሩን አገላለጽ ከዕለት ወደ ዕለት ስለሚያውቀው ባዕድ ቃል ሲገባበት ይሰማዋል። ይህ ልማድ ለዛሬም ክፍል ይጠቅማል። መምህሩ ያለቀውን ወረቀት ብቻ ከመቀበል ይልቅ አስቀድሞ ሐሳቡን ይጠይቅ፤ ቀጥሎ ረቂቁን ይይ፤ በመጨረሻም ተማሪው ስለ ጻፈው በቃሉ እንዲያስረዳ ያድርግ። ተማሪ ገንዘብ ከፍሎ አስጠኚ መያዙ ነውር የለበትም፤ አስጠኚው ስሕተቱን ያሳየው እንጂ ብዕሩን አይንጠቀው። የክፍሉ መምህር ራሱ እንዲህ ሆኖ ከተገኘ፣ የተጨነቀ ተማሪ የሚታመን ረዳት ፍለጋ ወደ ማያውቀው ሰው ባልሄደ ነበር።