የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ታሪክ

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው የባሕር ዳር መንገድ ደጋውን ይዞ ጥቂት እንደ ዘለቀ እንጅባራ ይደርሳል። ይህች ከተማ ኮሶ በር በሚል ስምም ስትታወቅ የኖረች ናት፤ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ከየወረዳው የሚመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው በከተማዪቱ ሜዳ ይሰበሰባሉ። ይህም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው።

በሌሎች አገሮች እንዳሉት የአደባባይ በዓላት ሁሉ ይህም በዓል ብዙ ጊዜ የሚተረከው ለዓይን በሚያሳየው ውበት ነው። የፈረሱ ሽልማት፣ የጋላቢው ብልኃት፣ የሕዝቡ ብዛት ይነገርለታል። ነገር ግን ትርኢቱ የነገሩ ፍሬ አይደለም። የእንጅባራው በዓል በመሠረቱ የአንድ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ነው፤ ጉግሱና ሽለላው ከዚህ ጉባኤ የበቀሉ ናቸው። በዓሉ ስለ ምን ተጀመረ፣ ስለ ምንስ ጸና ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ይህን መለየት ከሁሉ አስቀድሞ ያስፈልገዋል።

አገው ምድር በአፈ ታሪክ ከሰባት ወንድማማች እንደ ተወለዱ በሚነገርላቸው ሰባት ቤቶች የተከፈለ ነው፤ እነርሱም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ይባላሉ። የሕዝቡ ቋንቋ አውንጊ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው። በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ የወረደው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ከብትና ማር፣ ቅቤና ሰም ለጎንደር ከተማ ያቀርቡ እንደ ነበር ጽፏል። እንዲህ ያለ ንግድ የሚያካሂድ አገር የጭነትና የመጓጓዣ እንስሳ እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው።

ደጋው ቀዝቃዛና ሣራም ስለ ሆነ ለፈረስ የተመቸ ነው። በአንጻሩ ወደ ምዕራብ ቁልቁል በሚወርደው ቆላ ፈረስ በበሽታ ቶሎ ስለሚያልቅ በዚያ የሚመረጠው በቅሎና አህያ ነው። ስለዚህ በደጋው ፈረስ የመኳንንት ብቻ ሀብት ሆኖ አልቀረም፤ ገበሬው ገበያ ይወጣበታል፣ እህል ይጭንበታል፣ ሙሽራ ያመጣበታል፣ ለቅሶ ይደርስበታል።

በጠቅላላው በኢትዮጵያ ታሪክ ፈረስ ከሰው ክብር ጋር የተጣመረ ነው። ጦረኛው ከክርስትና ስሙ ሌላ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው ከዚህ የመጣ ነው። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዓድዋ ጦርነት የጎጃም ሠራዊት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ተሰልፏል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዓሉን የሚያከብረው በዓድዋና ከዚያ በኋላ በተደረገው የአርበኝነት ተጋድሎ ፈረሶች ለፈጸሙት ውለታ መታሰቢያ ነው እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። የቀኑ ምርጫ ይህን ያጠናክራል። በየወሩ 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ዓድዋም በዚሁ ዕለት ስለ ዋለ ድሉ ለሰማዕቱ አማላጅነት ተሰጥቷል። ቅዱሱ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዘወትር በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ የሚታይ የፈረሰኞች ጠባቂ ነው።

ማኅበሩ ተመሠረተ የሚባለው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በዚያ ጊዜ ጎጃም ገና ከጣሊያን እጅ አልወጣም ነበር። በአገው ምድር ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አርበኞቻቸውን ይዘው ይዋጉ ነበር። የእንግሊዙ መኰንን ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኞቹ ጋር ለመገናኘት ከሱዳን ወደ ጎጃም የገባው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጠላት ጦር እንጅባራን ለቅቆ ወደ ቡሬ ያፈገፈገው፣ ከቡሬም ወደ ደምበጫ የሸሸው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው።

እንግዲህ የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተቋቋመ ማለት ጠላት በአገሩ ሳለ ተቋቋመ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈረስና ጋላቢ የሚሰበስብ ማኅበር ለጨዋታ ብቻ ተመሠረተ ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስሙ የጻድቅ ማኅበር መሆኑም ያለ ምክንያት አይመስልም። በሰማዕት ስም ጽዋ የሚጠጣ ማኅበር በየመንደሩ የታወቀና የተለመደ ስለ ሆነ ገዢው በቀላሉ ሊከለክለው አይችልም። ይህ አስተያየት ከሁኔታው የተወሰደ ግምት እንጂ የተጻፈ ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን ማኅበሩ በዓድዋ መታሰቢያና በአርበኝነት ዘመን መካከል የቆመበትን ስፍራ ያስረዳል። ከዓድዋ እስከ 1932 ዓ.ም. ያለው ጊዜ 44 ዓመት ነው። ስለዚህ በመሥራቾቹ ዘመን ዓድዋ የዘመቱ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ሊገኙ፣ ልጆቻቸውም በዱር ሊዋጉ ይችሉ ነበር።

ማኅበሩ የተነሣው በ32 አባላት እንደ ሆነ ይነገራል። ሥርዐቱ ከማናቸውም የክርስቲያን ማኅበር ሥርዐት የተወረሰ ነው፤ አባላቱ በሰማዕቱ ስም ይሰበሰባሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ የታመመውን ይጠይቃሉ፣ የሞተውን ይቀብራሉ። በዚህ ላይ የፈረሰኞቹ ማኅበር አንድ ነገር ጨመረ፤ ይኸውም አባል የሚሆን ሰው ፈረስና የፈረስ ዕቃ ያለው መሆን አለበት። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡና ግላሱ እንደ መግቢያ ዋስትና ናቸው። አንድ አባል ቢሞት ጓደኞቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው በለቅሶው ይገኛሉ። ሁለት አባላት ቢጣሉ ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው ያስታርቃሉ፤ አንድ ማኅበር እየጠጡ በቂም መኖር ነውር ነውና። ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን በሜዳ የሚታይ ይሁን እንጂ ሥራው የዓመት ሙሉ ነው ማለት ነው።

የበዓሉ ወር ከገበሬው ሥራ ጋር የተስማማ ነው። በጥር እህል ተሰብስቦ አልቋል፤ ምድሩ ደርቆ ለግልቢያ ጠንክሯል፤ ፈረሱም ገለባና ቃርሚያ በልቶ ጉልበት አግኝቷል። በዕለቱ ፈረሰኞቹ በየወገናቸው ተሰልፈው ወደ ሜዳው ይገባሉ። ከጨዋታዎቹ ዋናው ጉግስ ነው። አንዱ ወገን እየሸሸ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ተለጥፎ ያመልጣል። ይህ ጨዋታ የጦር ሜዳ ትምህርት እንደ ነበረ ለማንም ግልጽ ነው። በየመካከሉ ፉከራና ሽለላ ይሰማል፤ በአውንጊና በአማርኛ ይዘፈናል።

ከ32 ሰዎች የተነሣው ማኅበር አባላቱ ዛሬ በዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሆነዋል። በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱ ተከብሯል። ባለ ሥልጣኖች ይገኙበታል፤ ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል፤ በዓለም አቀፉ የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ እንዲጻፍም ሲደከምበት ቆይቷል። እንዲህ ያለ ዕድገት የሚያስደስት ቢሆንም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም የማኅበርተኞች ጉባኤ የተመልካቾች ትርኢት ቢሆን ምን ይደርስበታል የሚል ነው።

ለዚህ የሌላ አገር ታሪክ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። በአሜሪካ በኒውፖርት ከተማ በ1946 ዓ.ም. የተጀመረው የጃዝ ሙዚቃ ዓመታዊ በዓል በዓለም ከታወቁት የአደባባይ በዓላት አንዱ ነው። ያ በዓል የቆመው በመግቢያ ዋጋና በተጋበዙ ባለ ሙያዎች ነበር። በ1952 ዓ.ም. ቦታ ያጣ ሕዝብ ሁከት አስነሣ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ያልከፈሉ ሰዎች አጥሩን ጥሰው ስለ ገቡ በዓሉ ተቋርጦ በማግሥቱ ዓመት ወደ ኒውዮርክ ተዛወረ። ወደ ኒውፖርት የተመለሰው በ1973 ዓ.ም. ነው። ሙዚቃው ታላቅ እንደ ነበር የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን በአጥሩ ውስጥና በአጥሩ ውጭ ባለው ሰው መካከል ከዋጋው በቀር ማሰሪያ አልነበረም። በእንጅባራ ግን ጋላቢው ተጋብዞ የመጣ ባለ ሙያ አይደለም፤ በሜዳው ዙሪያ የቆመውም ሕዝብ አባቱን፣ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ለማየት የመጣ ነው። በዓሉን ያጸናው ይህ ነው።

የበዓሉ አደጋም በዚሁ በኩል ይመጣል። ፈረስ የሚኖረው ግጦሽ ሲኖር ነው። በአዊ ደጋ ግን እርሻው እየሰፋ፣ ለከሰል የሚሆን የዲከረንስ ግራር ተክልም መሬቱን እየሸፈነ ስለ ሄደ መስኩ ጠብቧል። የመንገድ መከፈትና የሞተር ተሽከርካሪ መብዛት የፈረስን ጥቅም ቀንሷል። ፈረስ ለዕለት ኑሮ ማስፈለጉ የቀረ እንደ ሆነ፣ ገበሬው ለአንድ ቀን በዓል ብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚቀልበው ማኅበሩ ግዴታ ስለሚጥልበት ብቻ ይሆናል። ያ ግዴታ ከላላ ሜዳው በተከራዩ ጋላቢዎች ሊሞላ ይችላል፤ ለእንግዳ ዓይን ልዩነቱ አይታወቅም፤ በለቅሶ ቤት ግን ይታወቃል።

ስለዚህ በዓሉን ለመጠበቅ የሚደክሙ ሁሉ ከሰልፉ ይልቅ ማኅበሩን፣ ከግላሱ ይልቅ መስኩን ማሰብ ይገባቸዋል። የታሪክ ተማሪም ሥራ አለበት። የ1932ቱ መሥራቾች በዕድሜ አልፈዋል፤ ከአፋቸው የሰሙት ልጆቻቸውም አርጅተዋል። በጠላት ዘመን ለምን በፈረስ ስም እንደ ተማማሉ የሚያስረዳው ቃል ያለው በእነዚህ ሽማግሌዎች ዘንድ ነው፤ ሳይጻፍ ከቀረ ግን ወደፊት የሚቀረው የሜዳው ትርኢት ብቻ ነው።